በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሥር ያለ ኤፍ ኤም ጣቢያ አድማጭ ሲያጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማሰራጫው አቅም ይላከካል። አብዛኛው ችግር ግን የኮሌጁ ልማድ ወደ ስቱዲዮው ሳይለወጥ በመግባቱ የሚመጣ ነው።

ጣቢያውን በትምህርት ካላንደር ማስኬድ

አድማጭ ፈተና የለበትም፤ ክረምት ሲመጣም ሬዲዮውን ዘግቶ አይሄድም። ተማሪ አዘጋጆች ለፈተና ሲገቡ ግን ያለፈው ሳምንት ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ዕረፍት ሲወጡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ብቻ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት 5 ቀን የሚተላለፍ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ለ12 ሳምንት ዕረፍት 60 ክፍል ይፈልጋል። ይህ በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጠው የሚሞሉት አይደለም። በ15 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ ከመደበኛው 5 በተጨማሪ በሳምንት 4 ክፍል ቢቀረጽ ግን በጊዜው ይደርሳል። በተጠባባቂ ክፍሎች ውስጥ «ትናንት»፣ «በዚህ ሳምንት»፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አይባልም፤ አንዷ ቃል ክፍሉን በሙሉ ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች።

በተማሪ በጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ ጣቢያ አይዘልቅም። ቢያንስ አንድ ቋሚ የፕሮግራም ኃላፊ ያስፈልጋል። በሞዲ መጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ሥር እ.ኤ.አ. በ1926 ቺካጎ ላይ ሥርጭት የጀመረው ጣቢያ ተማሪ ለፈተና በገባ ቁጥር ጸጥ ቢል ኖሮ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው አይኖርም ነበር።

የጸሎት ቤቱን ስብከት እንዳለ ማስተላለፍ

አዳራሽ ውስጥ ግሩም የነበረ ስብከት በሬዲዮ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ የሚመስለው ለምንድን ነው? ዋናው ሚክስ የተመጣጠነው ለአዳራሹ ስለሆነ ነው። ከበሮው ያለ ማጉያም ስለሚሰማ ድምፅ ባለሙያው በሚክሰሩ ላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በቀረጻው ላይ ከበሮው ይጠፋል፣ ዘማሪው ብቻውን ይቀራል። መፍትሔው ከሚክሰሩ ኦግዚለሪ መውጫ (ከዋናው ሚክስ ተለይቶ ለብቻው ከሚመጣጠነው ተጨማሪ መውጫ) ለቀረጻ ብቻ የሚሆን መስመር መውሰድና በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ማመጣጠን ነው። ለምእመናኑ ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ማይክ ወደ አዳራሹ ይዞራል፤ ከሰባኪው ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል (የድምፅና የኃይል መጠን ማወዳደሪያ) ዝቅ ካለ «አሜን» ይሰማል፣ ማስተጋባቱ ግን አይረብሽም። የቀረጻው ከፍተኛ ድምፅ ከዲጂታሉ ጣሪያ፣ ማለትም ድምፁ መበላሸት ከሚጀምርበት ወሰን፣ በታች 12 ዴሲቤል ገደማ ይሁን፤ ሰባኪ መቼ እንደሚጮህ አይታወቅም።

ቀጥሎ ማሳጠር ይመጣል። የ50 ደቂቃውን ስብከት ወደ 28 ማውረድ ማለት 28ኛው ደቂቃ ላይ መቁረጥ አይደለም፤ እንዲህ ከተደረገ የሚጣለው ማጠቃለያው ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ማስታወቂያዎች፣ «ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ»፣ «ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት» እና ተደጋጋሚ ምሳሌዎች ናቸው። ከግማሽ ሰዓቱ የሚቀሩት 2 ደቂቃዎች ለመክፈቻና ለመዝጊያ ይበቃሉ።

ለክፍል እንደሚያስተምሩ ማውራት

ከመድረክ የመጣ መምህር ማይኩ ላይ ይጮኻል። ሬዲዮ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፣ ወይ መኪና ውስጥ ወይ ማዕድ ቤት። ዳይናሚክ ማይክ ከአፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ «ፕ» እና «ጵ» እንዳይፈነዱ ትንሽ ወደ ጎን ይዘንበል። «ሶቴሪዮሎጂ» ከማለት «ስለ ድኅነት የሚናገረው ትምህርት» ማለት ይሻላል። ጥቅስ ሲጠራ መጽሐፉ፣ ምዕራፉና ቁጥሩ ቀስ ተብሎ ከንባቡ በፊትም በኋላም ይነገር፤ አድማጩ ገጽ ገልጦ አልተቀመጠም።

ዋት መግዛት፣ ኬብል መርሳት

ማሰራጫውን ከ500 ወደ 1,000 ዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለኤፍ ኤም ከዋት ይልቅ ከፍታ ይበልጣል። የአንቴናው ከፍታ በሜትር ተወስዶ ካሬ ሥሩ በ4.12 ሲባዛ፣ መሬቱ ሜዳ ከሆነ የሬዲዮ አድማሱን (ሞገዱ በመሬት ጥምዝ ሳይጋረድ የሚደርስበትን ርቀት) በኪሎ ሜትር ይሰጣል፦ 30 ሜትር ወደ 22.5፣ 60 ሜትር ወደ 32። ኃይልም ሆነ ከፍታ በፈቃዱ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ያለ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይነካም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ገንዘቡ ለማሰራጫ ወጥቶ ኬብሉ ላይ መቆጠቡ ነው። ማሰራጫውን ከአንቴናው የሚያገናኝ 50 ሜትር የአር ጂ 213 (ቀጭን የአንቴና ኬብል ዓይነት) በኤፍ ኤም ሞገድ ግማሽ ያህሉን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ወፍራሙ የግማሽ ኢንች ኬብል የሚያባክነው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ኤስ ደብልዩ አር (ከአንቴናው ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ ልኬት) በየሳምንቱ ይመዝገብ፦ 1.5 ሲሆን 4 በመቶ፣ 2 ሲሆን 11 በመቶ ኃይል ይመለሳል። ከዝናብ በኋላ ከፍ ብሎ ሲደርቅ ከወረደ ውሃ ኮኔክተሩ (የኬብሉ መጋጠሚያ) ውስጥ ገብቷል። አንቴና ሳይታሰር ማሰራጫ ማብራት ደግሞ የመጨረሻውን ትራንዚስተር በሰከንዶች ሊያቃጥል ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ፕሪ ኤምፋሲስ፣ ማለትም ከሥርጭት በፊት ቀጫጭን ድምፆችን ከፍ የማድረጉ ሥራ ነው። እንደ አገሩ 50 ወይም 75 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል፤ መከፈት ያለበትም በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ወይ በድምፅ ፕሮሰሰሩ ወይ በማሰራጫው። በሁለቱም ላይ ከተከፈተ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይበሳሉ።

ዝምታን አለመጠበቅ

ሌሊት ኮምፒዩተሩ ቢቆም ማንም አያውቅም። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ዝምታ ሲሰማ ወደ ተጠባባቂ ማጫወቻ የሚያዞርና ለኃላፊው ስልክ መልእክት የሚልክ መቆጣጠሪያ ይገጠም።

«መዝሙር የሁሉ ነው» ማለት

የአንድ ጥንታዊ መዝሙር ግጥም መብት አብቅቶ ይሆናል፤ የተቀረጸው ድምፅ መብት ግን ለብቻው ነው። የዘማሪው ወይም የአሳታሚው ፈቃድ በጽሑፍ ተይዞ ፋይል ይደረግ።

የጸሎት ርእስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎረቤት ደውሎ የሰጠው የታማሚ ስምና የበሽታ ዓይነት አየር ላይ አይነበብም። ታማሚው ራሱ ካልፈቀደ «አንዲት እህት» ማለት ይበቃል፤ ስልክ የሚቀበለው ተማሪም «ታማሚው ፈቅዷል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በቅጹ ላይ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል።