«ቃል ሰጥቷል?» በስርቆት ወይም በውንብድና ለተያዘ ሰውና ለቤተሰቡ

ሌሊት ስልኬ ሲጠራ ከወዲያ ማዶ የምሰማው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጄ ሌባ አይደለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለታል»። እኔም ከሰላምታ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቃል ሰጥቷል?»

ዕድሜዬን በስርቆትና በውንብድና መዝገቦች ላይ ጠበቃ ሆኜ የቆምኩ ሰው ነኝ። የመልካም ጠባይ ምስክር ቅጣት ያቀልል እንደሆን እንጂ ክስን እምብዛም አያፈርስም። ክስ የሚፈርሰው በጥቃቅን ነገር ነው፤ ጥቃቅኑ ደግሞ የሚገኘውም የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

እናም አስቀድሞ አፍ ይያዝ። ማንነትን መናገር አይጎዳም፤ ከዚያ በኋላ «ጠበቃዬ ሳይኖር ቃል አልሰጥም» ይባላል። በትህትና፣ ሳይጨቃጨቁ። አንድ ደንበኛዬ መርማሪውን የረዳ መስሎት «በዚያ በኩል አልፌያለሁ፣ ግቢው ውስጥ ግን አልገባሁም» ብሎ ፈረመ። መዝገቡን ሳገላብጥ ያን ሌሊት በአካባቢው እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ቅንጣት ማስረጃ አጣሁ። ዐቃቤ ሕጉ የጎደለውን ምስክር ራሱ ተከሳሹ ሆነለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ፣ ጠበቃም፣ ቋንቋው ካልገባው ያለ ክፍያ አስተርጓሚም እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ዝርዝሩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ ተጠርጣሪው በምርመራ ያልጠቀሰውን ነገር በችሎት መከላከያ ካደረገው ፍርድ ቤቱ ከዝምታው ግምት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዝም ማለት ጠበቃ እስኪመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከእርሱ ጋር ትወስናላችሁ።

ቤተሰብም አፍ አለው። ስለ ጉዳዩ በእስር ቤት ስልክ አታውሩ፤ የተቀዳ ንግግር ማስረጃ ይሆናል። የግል ተበዳዩን «እንታረቅ» ብላችሁ በራሳችሁ አትሂዱበት። በቅን ልብ የሄደ ወንድም ምስክር በማስፈራራት ሌላ ክስ ሲያስከትል፣ የተፈቀደ ዋስትናም ሲያሰርዝ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የክስ ማመልከቻው ይነበብ፤ ቃል በቃል። ስርቆት የሌላውን ንብረት የራስ ለማድረግ አስቦ መውሰድ ነው። ቤት ሰብሮ መግባት ላይ ክርክሩ ያለ ፈቃድ ስለመግባትና ሲገቡ ስለነበረ ሐሳብ ነው፤ በብዙ አገር ምንም ዕቃ ባይወሰድ እንኳ ወንጀሉ ሊሟላ ይችላል። ውንብድናን ውንብድና የሚያሰኘው ኃይል ወይም ዛቻ ነው። አንዱ ፍሬ ነገር ካልተረጋገጠ ክሱ ይወድቃል ወይም ዝቅ ይላል። ዛቻው ያልተረጋገጠበት ውንብድና ወደ ስርቆት ሲወርድ የቅጣቱ ልዩነት ዓመታት ነው። የተሰረቀ ዕቃ እጁ ላይ የተገኘ ሰውም የግድ ሰራቂው እሱ አይደለም፤ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ የተሰጠው፣ ዕቃው የራሴ ነው ብሎ ከልቡ ያመነ፣ እነዚህ ሁሉ መከላከያ አላቸው።

አሁን ወደሚጠፋው ማስረጃ ልምጣ። ብዙ የደህንነት ካሜራዎች በአሮጌው ምስል ላይ አዲሱን ይቀዳሉ፤ ምስሉ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ያልቃል። ጠበቃው ዛሬውኑ «ምስሉ ይጠበቅልን» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሰዓቱንም እዩ። አንድ ጊዜ የአንድ ሕንፃ ካሜራ መቆጣጠሪያ ፊት ቆሜ የስልኬን ሰዓት ከስክሪኑ ጋር ባስተያይ ካሜራው አርባ ደቂቃ ይቀድማል። ያ አርባ ደቂቃ ደንበኛዬ ሥራ ቦታው ላይ የፈረመበት ሰዓት ነበር።

የጣት አሻራ ሲቀርብ «የት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሻራ ቀን የለውም። በመስኮቱ መስታወት በውጭ በኩል የተገኘና ከውስጥ ካለ መሳቢያ ላይ የተነሳ አንድ አይደሉም።

የዓይን ምስክርን የምፈራው ስለሚዋሽ ሳይሆን ስለሚያምን ነው። ሮናልድ ኮተን በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1985 በአስገድዶ መድፈርና ቤት ሰብሮ በመግባት የተፈረደበት ተበዳይዋ እርግጠኛ ሆና ስለለየችው ነው፤ በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ነፃ አወጣው። ብርሃኑ፣ ርቀቱ፣ ስንት ሰከንድ፣ መሣሪያ ተይዞ ነበር ወይ (ዓይን ከፊት ይልቅ መሣሪያው ላይ ይተከላል)፣ ምስክሩ ከመለያው ሰልፍ (ተጠርጣሪው ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ከሚለይበት) በፊት የተጠርጣሪውን ፎቶ አሳይተውት ነበር ወይ፤ እነዚህ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተሻሉ።

ጠበቃ ምን ይፈይዳል ለሚለኝ የክላረንስ ጊድዮንን ነገር አነሳለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 በፍሎሪዳ የቢሊያርድ ቤት ሰብሮ ገባ ተብሎ፣ ጠበቃ ቢጠይቅ ተከልክሎ፣ ለራሱ ተከራክሮ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ፤ በ1963 ጠበቃ የማግኘት መብቱ ጸና፣ ጉዳዩም እንደገና ታየ። በዚህኛው ችሎት ያን ሌሊት የጫነው ባለታክሲ፣ ጊድዮን «እንዳየኸኝ ለማንም አትናገር» እንዳለው መሰከረ። ከባድ ቃል ነው። ጠበቃው ፍሬድ ተርነር ግን ከዚያ በፊትም እንዲህ ብሎት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ባለታክሲው በጫነው ቁጥር እንደሚለው፣ ከሚስቱ ጋር ጠብ ስላለበት እንደሆነ መለሰ። ዳኝነት ሰጪዎቹ (ከሕዝብ የተመረጡት ጁሪዎች) በአንድ ሰዓት ያህል መክረው በነፃ አሰናበቱት።

ለመጀመሪያው ቀጠሮዬ ስትመጡ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የዚያን ቀን ውሎ በሰዓት በሰዓት፣ ከጎኑ ማን እንዳየው፣ ምን ደረሰኝ ወይም የስልክ ጥሪ እንዳለ። ከስልኩ ምንም አትሰርዙ። የማታስታውሱት ሰዓት ባዶ ይቅር፤ በግምት አትሙሉት፣ እሱን ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ።