በኮትቻ አፈር ካሮት አልበቅል ሲል

ለገጣፎ፣ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ለልጆች የተዘራ የጓሮ ካሮት። ምልክቱ፦ ዘሩ አይወጣም፤ የወጣውም አጭርና መንታ እግር ይሆናል።

ዘር መቀየር አልረዳም። ውኃ ማብዛት አባሰው፤ ኮትቻ ሲደርቅ ላዩ ይጋገርና ቡቃያው ሰብሮት መውጣት ያቅተዋል። ትኩስ ፍግም ሥሩን መንታ ያደርገዋል።

የሠራው፦ መደቡን 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት መቀላቀል። ዘሩን 1 ሳንቲሜትር ጥልቀት ዘርቶ በአፈር ሳይሆን በወንፊት በተነፋ ኮምፖስት መሸፈን፤ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ። ዋናው ጆንያው ነው፤ ልጆች ውኃ ቢደፉበት እንኳ ዘሩ አይታጠብም። ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ገልጦ ማየት፤ ቡቃያ በታየበት ዕለት ጆንያውን ማንሳት፣ አለዚያ ቡቃያው ቀጥኖ ይገረጣል። በኋላ በ5 ሳንቲሜትር ርቀት ማሳሳት።

ጥሬ ካሮት ሕፃን ያንቃል፤ ለታናናሾቹ እስኪለሰልስ ቀቅሎ መፍጨት።