የሰው ኮድ ከመለጠፋችሁ በፊት

እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ላሉ ሱቆች የምንሠራት አንዲት የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር አለችን። ፈቃዷ ጂፒኤል 3 ነው። ማንም ይወስዳታል፣ ይቀይራታል፣ ቢፈልግ ይሸጣታል፤ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፋት ግን ኮዱንም በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። አንድ ማታ ኮምቦልቻ ሆኖ አብሮን የሚሠራ ልጅ አዲስ ፋይል ላከልኝ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ነው። ሞከርኩት፤ ብዙ ሰው የሚስታትን ጳጉሜ 6ን እንኳ አልሳታትም። ጎሽ አልኩ። ከዚያ ፋይሉን ከፍቼ ከላይ ሳየው ባዶ ነው፤ የጻፈው ሰው ስም የለ፣ ፈቃድ የለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ጊትሃብ ላይ ነው ጋሼ። ለሁሉም ክፍት ነው እኮ!»

ጊትሃብ ሰው ኮዱን አውጥቶ የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። ሰኞ ገበያ የተዘረጋውን ዕቃ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ ስላየው ግን የሱ አይሆንም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ መብቱ ሙሉ በሙሉ የጻፈው ሰው ነው። ታዩታላችሁ እንጂ የራሳችሁ ሥራ ውስጥ ከታችሁ ማከፋፈል አትችሉም። የእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ውስጥ አስገብቶታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃዱን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ፎልደር ውስጥ «ላይሰንስ» ወይም «ኮፒይንግ» የሚል ፋይል አለ። እሱን አይታችሁ አትመለሱ። የምትወስዱትን ፋይል ራሱን ከፍታችሁ የላይኞቹን መስመሮች አንብቡ፤ ፕሮጀክቱ ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ የወጣ ሆኖ ውስጡ ያለ አንድ ፋይል ከሌላ ቦታ የመጣና ሌላ ፈቃድ ያለው ሊሆን ይችላል። ከታደላችሁ ኤስፒዲኤክስ (SPDX) ብሎ የሚጀምር አንድ መስመር ታገኛላችሁ፤ ፈቃዱን ከነቁጥሩ በአጭሩ ይነግራችኋል። ፕሮጀክቱ ሌሎች ላይብረሪዎችን (ሌላ ሰው የጻፋቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) የሚጎትት ከሆነ የነሱንም ማየት ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ፈቃዱ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ «ከእኛ ጋር ይሄዳል ወይ?» ነው። ይህን ለልጆቹ የማስረዳቸው በቦርከና ነው። ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል እንጂ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ አይወጣም። ኮድም የሚፈስበት አቅጣጫ አለው። ላይ ያሉት ኤምአይቲ እና ባለ 2 ወይም ባለ 3 አንቀጽ ቢኤስዲ ናቸው። የሚጠይቁት ትንሽ ነው፤ በዋናነት ስሜንና ይህን የፈቃድ ጽሑፍ አታጥፉ ነው የሚሉት። እነዚህ ወደ ጂፒኤል ሥራ ያለ ችግር ይወርዳሉ። የጂፒኤል ኮድ ወስዳችሁ ኤምአይቲ ፕሮጀክት ውስጥ ስትከቱ ግን ጠቅላላው ሥራ ሲከፋፈል በጂፒኤል ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ወዲያ «ኤምአይቲ ነው፣ ዘግታችሁም ብትሸጡት ችግር የለም» ማለት ቀረ።

አፓቺ 2.0 ላይ ቆም በሉ። ጂፒኤል 3 ውስጥ ይገባል፣ ጂፒኤል 2 ብቻ የሆነ ሥራ ውስጥ ግን አይገባም። ዋናው ጣጣ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ነው። አፓቺ «በዚህ ኮድ ፓተንቴ ተነካ ብሎ የከሰሰ ሰው የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል» የሚል ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 ደግሞ እኔ ካልኩት በላይ ሌላ ግዴታ አትደርቡ ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተወለት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 ነው። ታዲያ «ጂፒኤል 2» ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ አጠገቡ «ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» የሚል ካለ ወደ 3 ተሻግራችሁ ትወስዱታላችሁ። ከሌለ፣ እንደ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት) 2 ብቻ ከሆነ፣ ከጂፒኤል 3 ኮድ ጋር እንኳ አይቀላቀልም። ሁለቱም ጂፒኤል ተብለው አለመግባባታቸው እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

የድሮው ባለ 4 አንቀጽ ቢኤስዲም አይሄድም፤ በማስታወቂያችሁ ላይ ስማችንን ጥቀሱ የሚል አንቀጽ አለው። «ለንግድ አይሆንም» የሚል ፈቃድ ካያችሁም እለፉት፤ ነጻ ሶፍትዌር (ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊቀይረውና ሊሸጠው የሚችል) ውስጥ ቦታ የለውም።

ከስታክ ኦቨርፍሎው፣ ከፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ፣ ቀድታችሁ የምትለጥፉትስ? እሱም ፈቃድ አለው፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ-ኤስኤ (ስም ጥቀሱ፣ በዚያው ፈቃድ አካፍሉ የሚል) ነው። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጻፈው ቁጥር 4.0 ስለሆነ ወደ ጂፒኤል 3 መግባት ይችላል፣ ስም መጥቀሱ ሳይረሳ። ከዚያ በፊት የነበረው በቀደሙት ቁጥሮች ስለሆነ ያ መንገድ የለውም። ለፎንት ብዙ አትጨነቁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኦኤፍኤል በሚባለው የፎንት ፈቃድ ነው የወጡት፤ ፈቃዱን አስከትላችሁ ከሶፍትዌራችሁ ጋር ማሰራጨት ትችላላችሁ፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው የተከለከለው።

የሚሄድ ሆኖ ካገኛችሁት ኮዱን ለብቻው ፎልደር አስቀምጡት። የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አትንኩ። ከየት፣ መቼ፣ የትኛውን ቁጥር (ቨርዥን) እንደወሰዳችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ከቀየራችሁት ደግሞ ቀይሬዋለሁ ብላችሁ ቀኑን ጨምሩበት። ከዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ወደኛ ፋይል ልመለስ። እንኳንም ገና ሪፖው፣ የፕሮጀክታችን ኮድ ማስቀመጫ፣ ውስጥ አልገባ። ልጁ ለባለቤቱ እዚያው ጊትሃብ ላይ «ፈቃድ ብታስገባበት ብለን ነው» ብሎ በትሕትና ጻፈለት። ይህን ሁሌም አድርጉት፤ ሰው ፈቃድ ሳያስገባ የሚቀረው አንዳንዴ ረስቶት ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፣ መልስ የለም። ስለዚህ በራሳችን ለመጻፍ ወሰንን። ይህ ይፈቀዳል፤ አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን ወይም ቀመሩን አይደለም፣ የዘመን አቆጣጠራችን ስሌት ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የሰውየውን ኮድ ጎን ከፍቶ ስም እየቀያየሩ መገልበጥ ግን ያው መቅዳት ነው።

እኔም ልጁም አይተነዋል። ስለዚህ ጭራሽ ላላየችው ጓደኛችን ሰጠናት። የነገርኳት ደንቡን ብቻ ነው፦ 12 ወር 30 30 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ በየ4 ዓመቱ 6። በማግስቱ ላከችው፤ ከላይ ስሟና ጂፒኤል 3 ተጽፎበታል። ሴፕቴምበር 11፣ 2023ን አስገባሁ። መስከረም 1 አለኝ። ደወልኩላት፤ ሳቀችና «ቆይ፣ ቡናዬን ልጨርስ» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ስሞክረው ጳጉሜ 6፣ 2015 አለ።