ጌም መሃል ድንገት ሪስታርት ለሚያደርግ ላፕቶፕ

ላፕቶፓችሁ ጌም መሃል ላይ በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኢቨንት ቪውወርን (ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ የሚደርሰውን የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ክፈቱና ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ግቡ። "ከርነል ፓወር 41" የሚል ካገኛችሁ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ተነስቷል ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ብዙ ሰው ግን "ፓወር" የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ አዲስ ቻርጀር ይገዛል።

ቀጥሎ ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ "ኦቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለውን ምልክት አንሱ። አሁን ዊንዶውስ ሲበላሽ የስህተት ኮድ ይዞ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ቆሞ ይጠብቃችኋል። ኮዱን በስልክ ፎቶ አንሱት። ኮድ ከመጣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ወይም ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጠርጥሩ። ምንም ሳያሳይ ድርግም ካለ ግን ሙቀት ወይም ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ሙቀት ነበር። ደሴ ብርዱ ላይ ሆኜ ስጫወት ምንም አይል፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ጀመረው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አስቀምጬ ነበር የምጫወተው (አትሳቁ)። የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ስጭን ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) 100 ዲግሪ እየነካ ነው። አስከፍቼ ሳየው ከፋኑ ጀርባ ያለው መውጫ በአቧራ ተደፍኗል። ተጸዳ፣ ተርማል ፔስቱም (ከሲፒዩው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ አልደገመውም።

ራሳችሁ በአየር የምታጸዱ ከሆነ ፋኑን በስንጥር ያዙት፤ በኃይል ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል።

ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። 230 ዋት ለሚፈልግ ማሽን የጓደኛን 65 ዋት መሰካት አያዋጣም።