ዎክ ገዝተው ክዳን የሚፈልጉ ሰዎች የሚሳሳቱት

ጅማ መርካቶ ዎክ የሚባለውን ጎድጓዳ የቻይናዎች መጥበሻ ስገዛ «ክዳኑስ?» ብዬ ሻጩን ሞግቼዋለሁ። የጠፋበት መስሎኝ ዋጋ እንዲቀንስልኝ ሁሉ ጠየቅሁ። «እህቴ፣ የሸክላ ምጣድ ስትገዢ አክንባሎ በምርቃት ይሰጥሻል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ክዳን የሌለውን ዎክ እንደ ጎደለ ዕቃ ማየት። የዎክ ዋና ሥራው በኃይለኛ እሳት እያገላበጡ በደቂቃዎች ውስጥ መጥበስ ነው። እኛስ ቡና ስንቆላ ብረት ምጣዱን የሚከድን አለ? በእንፋሎት ማብሰል ወይም መቀቀል የሚፈልግ ክዳኑን ለብቻው ይገዛል።

ሁለተኛውን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጥብሱ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ የድስት ክዳን ደፋሁበት። ሥጋው ውሃውን አወጣ፣ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ተንጠባጠበ፤ ስከፍተው ግራጫ ቅቅል! ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋ ጠይሞ እንዲጠበስ ግን ገጹ ወደ 140 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ውሃ ከሥሩ ተኝቶ እያለ እዚያ አይደርስም። ሥጋው ከበዛ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ነው እንጂ መክደን አያፋጥነውም።

ክዳን ሲገዙ ደግሞ ልኩን ከዎኩ አፍ ጋር እኩል የሚያደርጉ አሉ። የዎክ ክዳን እንደ ድስት ክዳን ጠርዝ ላይ አይቀመጥም፤ ትንሽ ጠበብ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና በተዳፋቱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ለ36 ሳንቲሜትር ዎክ 33 ገደማ ይበቃዋል። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ሲወርድም ምድጃው ላይ ሳይሆን ምግቡ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ተዳፋት በመሆኑ አንድ ክዳን ለተለያየ መጠን ዎክ ይሆናል፤ ለብቻው የሚሸጥበት አንዱ ምክንያትም ይኼ ነው። ጎበጥ ያለውን ምረጡ፤ ዝርጉ ዶሮም ጎመንም አያስገባም።

ክዳን ጨርሶ አያስፈልግም ማለትም ስህተት ነው። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑት።

የመጨረሻው፣ የብረት ዎክን አጥቦ ወዲያው ከድኖ ማስቀመጥ። በጅማ ክረምት ይኼን ካደረጋችሁ በማግስቱ ዝገት ይጠብቃችኋል። እሳት ላይ አድርቃችሁ፣ ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ክፍቱን ስቀሉት።