በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠው የአጥንት ክኒን፦ የአሌንድሮኔት አወሳሰድ

ለአጥንት መሳሳት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አስቀድመው ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች አንዱ አሌንድሮኔት ሲሆን፣ የተለመደው መጠን በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ባለ 70 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። መድኃኒቱ አጥንትን የሚያፈርሱ ሕዋሳትን ሥራ በማቀዝቀዝ አጥንቱ በቀላሉ እንዳይሰበር ያግዛል። ነገር ግን በባዶ ሆድ ተውጦም እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ስለዚህ አወሳሰዱ ከተበላሸ ክኒኑን እንዳልዋጡት ይቆጠራል።

በቅድሚያ የማይረሱትን ቀን ይምረጡ። እሑድ ለማስታወስ ቢቀልም ለቤተ ክርስቲያን ሰው አይመችም፤ የሚቆርብ ሰው ውሃም አይቀምስም፣ ክኒኑን ውጦ ወዲያው መስገድም መድኃኒቱን ከሆድ ወደ ጉሮሮ ሊመልሰው ይችላል።

በዕለቱ ከመኝታ እንደተነሡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ክኒኑን ሳያኝኩና ሳይመጠምጡ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ ይዋጡት። አምቦ ውሃም ሆነ ወተት አይሆንም፤ በውስጣቸው ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ቡና ደግሞ አብሮ ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባውን መጠን በ60 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉ፣ ሌላ መድኃኒትም ሳይወስዱ ይቆዩ። ከዋጡ በኋላ ቡናው መታጠብ ቢጀምር ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ግማሽ ሰዓቱ ያልፋል፤ ጎንበስ ብሎ ከሰል ማራገቡን ግን ለሌላ ሰው ይተዉት። ቁርስ እስኪበሉ ድረስ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ እንጂ ጋደም አይበሉ፤ ክኒኑ የምግብ ቧንቧን ሊያቆስል ይችላል።

የካልሲየም ክኒን ከታዘዘልዎ ከምሳ ጋር ይውሰዱት። ቀኑን ከረሱ፣ ባስታወሱ ማግሥት ጠዋት አንድ ክኒን ብቻ ወስደው ወደ መደበኛው ቀንዎ ይመለሱ፤ በአንድ ቀን ሁለት ፈጽሞ አይዋጡ።

ሲውጡ ካመመዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ቃር ከጠናብዎ መድኃኒቱን አቁመው ሐኪም ያነጋግሩ። የጭን ወይም የብሽሽት ሕመምም ቸል አይባልም። ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ።

ኩላሊቱ በጣም ለደከመ፣ የምግብ ቧንቧው ለጠበበ ወይም ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ክኒን አይሰጥም። ቧንቧው ለጠበበና መቀመጥ ለማይችል በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ፤ ኩላሊቱ የደከመ ግን እሱንም ስለማይወስድ፣ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ ይስማማው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ዴኖሱማብን የጀመረ ሰው ቀጠሮውን ማሳለፍ የለበትም፤ መርፌው ሲቋረጥ አጥንቱ ቶሎ ስለሚሳሳ የአከርካሪ ስብራት ሊከተል ይችላል።