ኤስኬፕ ሩም ልትጫወቱ ነው? መጀመሪያ ጮክ በሉ

ኤስኬፕ ሩም (ተቆልፎባችሁ እንቆቅልሽ እየፈታችሁ የምትወጡበት የክፍል ጨዋታ) ስትገቡ ያገኛችሁትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ባለፈው እሑድ ጅማ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን እህቴ ሳሎኑን በእንቆቅልሽ ሞልታ ቆለፈችብን። አንዳችን በርጩማ ሥር የተለጠፈ «4» አይቶ ዝም፤ እኔ ደግሞ ጀበና ውስጥ «7» አግኝቼ ወደ ኪሴ። ብልጥ መሆኔ ነው እንግዲህ! ሃያ ደቂቃ በከንቱ ሄደ።

የተገኘው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የተከፈተበት ቁልፍና ያለቀለት ወረቀት ለብቻው ይገለል፣ አለዚያ ደግማችሁ ትደክሙበታላችሁ። ባለ ሦስት አኃዝ የሻንጣ ቁልፍ 1000 አማራጭ አለው፤ ሁለቱን ከነቦታቸው ካወቃችሁ ግን የሚቀረው 10 ብቻ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ፍለጋ ቤቱን ከማተራመስ እያዞሩ መሞከሩ ይፈጥናል። አንድ እንቆቅልሽ አምስት ደቂቃ ከያዛችሁ ለሌላ ሰው አስረክቡ።

የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። ፍንጭ መጠየቅ እንደ ልጅነታችን «እንቆቅልህ» አገር አያስከፍልም፤ ጠይቁ። እኛ ኩራት ይዞን ሳንጠይቅ ቀርተን፣ እህቴ አቦሉን ብቻዋን ጠጥታ ነው በሩን የከፈተችልን።